የታችኛው ኢንኩቤተር

ቴርሞሜትሩን ሕዋሳት በሙቀት ከሚያድጉበት ኢንኩቤተር ውስጥ ካቆየው የውኃ ብርጭቆ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ሠላሳ። በኢንኩቤተሩ በር ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ደግሞ ሠላሳ ሰባት ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ የመስታወት ዘንግ ደግሞ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ነገር አይደለም። ከትናንት በስቲያ የታችኛውን ኢንኩቤተር በር ሲዘጋ መስታወቱ መዳፉን ቀዘቀዘው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የሚፈተነው አዲስ መድኃኒት ያልነካቸውን ሕዋሳት በሁለት ሳህን አዘጋጅቶ እዚያው ብርዱ ውስጥ አስቀመጠና ሁለት ቀን ጠበቀ። ሁለቱም ቀን እንቅልፍ የሚሉት ነገር በዓይኑ አልዞረም።

በዚህ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «አባ ጠርጥር» ይሉታል። ሚዛኑን በሌላ ሚዛን የሚመዝን፣ የታሸገ ጠርሙስ የሚያሸት፣ የገዛ ጽሑፉን እንደ ባዕድ ደብዳቤ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ነው። ይስቁበታል፤ ሲጨንቃቸው ግን ወደ እሱ ይመጣሉ።

ሳህኖቹን ይዞ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ፤ ከማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጠ። ወገቡን አመመው። ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ ከማሳረፉ በፊት ጥቂት ቆየ፤ ያላየው ነገር ገና አልሆነምና።

የሕመሟን ነገር ለልጁ ሲያስረዳት አቅልሎ ነበር። ሕዋስ ፕሮቲን ይሠራል፤ የተሠራው ሁሉ ግን አይወጣም። ውስጠኛው ጓዳ ተቆጣጣሪዎች አሉበት። አዲሱን ይዘው ያገላብጡታል፤ በትክክል መታጠፉን ያያሉ። ደህናው ተለይቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ወደሚቆምበት ቦታ ይላካል። የጎበጠው ተይዞ ይቆራረጣል። የእሷ ፕሮቲን የጨው በር ነው፤ የሕዋሱ ሽፋን ላይ ቆሞ ጨው ማሳለፍ ነበረበት። ከወላጆቿ በወረሰችው ስህተት የተነሳ ትንሽ ይጎብጣል። ቢደርስ ይሠራል፤ እየተጎተተም ቢሆን ይሠራል። ግን አያደርሱትም። ቦታው ላይ በር ስለሌለ ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ከስህተቱ ግማሹን የሰጣት እሱ ነው።

«ልክ እንዳንተ ናቸዋ!» ብላው ነበር ያኔ። «አንተስ ጫፉ የተሸረፈ ሳህን መቼ ታሳልፋለህ?»

ዓይኑን አሳረፈ።

ፕሮቲኑ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርጓል። ጓዳ ታፍኖ ከቀረ፣ አረንጓዴው በአስኳሉ ዙሪያ እንደ ጉም ይከማቻል። ከደረሰ በሕዋሱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀለበት ይሠራል። እነዚህ ሕዋሳት መድኃኒት አልቀመሱም። ጉም ነበር መታየት ያለበት። ያየው ቀለበት ነው። ሳህኑን ገፋ አደረገው፤ ቀለበት። ቆጠረ። ከመቶ ስድሳ አራት። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ከወሰዱት ስድሳ ሰባት ቆጥሮ ነበር፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ በጭብጨባ ተቀብሎታል።

እንግዲህ የጨው በሩን ቦታው ያደረሰው ብርዱ እንጂ መድኃኒቱ አልነበረም። ሙቀት ሲቀንስ ፕሮቲኑ ሳይቸኩል ይታጠፋል፤ ጎባጣውም ቀና ይልና ተቆጣጣሪዎቹ ያሳልፉታል። ይህን ጀማሪ ተማሪም ያውቀዋል። ሰው ግን ገላው ሠላሳ ዲግሪ ሆኖ አይኖርም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገውም። መድኃኒት ያለባቸውና የሌለባቸው ሳህኖች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ነበረባቸው። የለያያቸው እሱ ነው። አንዲት ጠብታ ተፈናጥቃ ንጹሑን እንዳትበክል ብሎ፣ መድኃኒት ያለባቸውን በታችኛው ኢንኩቤተር፣ የሌለባቸውን በላይኛው አስቀመጠ። ማንም ያላዘዘው ጥንቃቄ ነበር። ጠብታዋን ሲጠረጥር ብርዱን ሳይጠረጥር ቀረ።

ከጎኑ የበረኪናው ባልዲ አለ። ያገለገለ ሳህን ሁሉ እዚያ ይጨመራል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ የሚባል ነገር አይቀርም። ሳህኖቹን ይዞ ከባልዲው በላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቱ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይለፍ አይለፍ የሚወስኑ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ካለፈና በሰው መሞከር ሲጀመር ልጁ ከመጀመሪያዎቹ መሀል ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያውቃል? ባለፈው ቅዳሜ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ሳያጣራ የመድኃኒቱን ወሬ ይዞ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ «የዛሬ ዓመት» ማለት ጀምራለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከመጪው ወር ያለፈ ነገር ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

በረኪናው አፍንጫውን ሰነፈጠው። ሳህኖቹን እንደያዘ ወጣ።

የቡድኑ መሪ ዶክተሯ ወረቀቶቿን እየደረደረች ነበር። ጠብታ በልክ መቅዳት ያስተማራት እሱ ነው። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ይረሳዋል።

«ጋሼ፣ ምነው? ዛሬ እንኳ ፊትዎን ይፍቱት እንጂ!»

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው። ሳህኖቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ነገራት። አጭር ነበር፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሰባት፣ ስድሳ አራት። ሳህኖቹን እኔ ነኝ የለየኋቸው ሲል ድምፁ አልተለወጠም።

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና ቴርሞሜትሩ።»

ሊያስቃት ይችል ነበር፤ አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ሳህኖቹን። አሁን የምትለውን ፈርቶ ጠበቀ። ይደብቁት ብትለው ምን እንደሚያደርግ ርግጠኛ አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ ያደከመው ይኼ ነው።

«ምነው ከትናንት በስቲያ አልነገሩኝ?»

«ጥርጣሬ ለሰው አይሰጥም። መጀመሪያ ይጣራል።»

«ልጅዎስ?»

«ለእሷ ሳላጣራ ሰጠኋት።»

ዶክተሯ እስክሪብቶ አነሳች። የመጀመሪያውን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው። «ስብሰባው ይቀራል» አለች። «ሁሉንም በአንድ መደርደሪያ፣ በሠላሳ ሰባት እንደግመዋለን። ምናልባት ከመቶ አምስት ይወጣ ይሆናል።»

«ምናልባት ምንም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ዛሬ ቤት ይሂዱ።»

ሳይመሽ ቤት ገብቶ አያውቅም። ልጁ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችውና እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«ምን ሆንክ፣ አባዬ? አሞህ ነው?»

ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት። በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ፖስታ አድራሽ። እሷ ጨርቁን ከመርፌው አላቀቀች፣ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፤ ሌላ መታጠፊያ እስኪያጣ ድረስ።

«ለምን ነገርከኝ?»

«እውነቱን ማወቅ…»

«የዛሬውን አይደለም። የቅዳሜውን ነው የምልህ።»

ደስ ስላለኝ ነው ማለት ይችል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ቃል አፉ አልለመደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውጭ መኪና አለፈ፣ መስኮቱ ነዘረ። ሳል መጣባትና በክርኗ አፈነችው። እንደ ልማዱ ጀርባዋን መታ መታ ሊያደርግላት ሊነሳ ሲል በእጇ ተቀመጥ አለችው።

«በብርዱ ግን ወጥቷል አይደል? የኔ ዓይነቱ?»

«ወጥቷል።»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ልግባልህ ታዲያ?»

ሳያስበው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ሳሉን መልሶ ቀሰቀሰባትና እስኪያልፍላት ሁለቱም ጠበቁ። ዓይኗን ጠራረገች።

«በዓይንህ አይተኸዋል? ሌላ ሰው ነግሮህ አይደለም?»

«በዓይኔ።»

«ምን ይመስላል?»

ስድሳ አራት ሊል አፉን ከፈተ፤ ተወው። ያየውን ሁሉ በቁጥር ሲጽፍ ነው የኖረው። ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«መጀመሪያ ጨለማ ነው» አለ። «ምንም የለም። ዓይንሽ እስኪለምድ ትጠብቂያለሽ።»

«እሺ።»

«ከዚያ…»

ቃሉን ፈለገ። እሷም አላጣደፈችውም።