ሜትሬ አይዋሽም

የዘመኑ ሱሪ ሰፊዎች ሌቦች ናቸው። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ወገቤ አርባ ኢንች ነው፤ በየዓመቱ በገዛ ሜትሬ እለካዋለሁ። አርባ ቁጥር ሱሪ ስገዛ ግን ቁልፉ አልገጥም ይላል። ጨርቅ እየቀነሱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በዚህ ጉዳይ የተጣላኋቸው ባለሱቆች ቢሰበሰቡ አንድ አውቶቡስ ይሞላሉ።

ሜትሬን ካነሳሁ አይቀር ላስተዋውቃችሁ። ጫፍና ጫፉ ላይ ናስ ያለው ቢጫ የጨርቅ ሜትር ነው። የወረስኩት ሥራውን ካስተማረኝ ከሽማግሌው ዱዋይት ነው። ጡረታ የወጣ ቀን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «ቨርን፣ እናት ትዋሻለች፣ አሰልጣኝ ይዋሻል፣ የተጫዋች ወኪልማ ሲዋሽ ነው የሚኖረው። ሜትር ግን አይዋሽም» አለኝ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ዝናብ መቶታል፣ ቡና ፈሶበታል፣ አንዴም ከነሱሪዬ ታጥቧል።

ሥራዬ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾችን ለክለባችን መመልመል ነው፤ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ከሁሉ አብልጬ የማውቀው ታክሎችን ነው። ታክል ማለት ከኳስ ወርዋሪው ጎን የሚቆም ግድግዳ ነው። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ወርዋሪውን ሊጨፈልቅ በርሮ ሲመጣ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ «ወዴት ነው?» የሚል። ለዚህ ቀልጣፋ እግርና ረጅም ክንድ ያስፈልጋል። ክንዱ ካጠረ ሌላው ቀድሞ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ወርዋሪውን ከሣር ላይ መልቀም ነው።

አለቃችን ብራይስ ኮልቪን ይባላል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱም በኮሌጅ ታክል ነበር፤ ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ ቢሮ ገባ። የማይነቃነቅ አንድ ሕግ አለው፤ ክንዱ ከሠላሳ ሦስት ኢንች በታች የሆነ ታክል ስሙ የቢሯችን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። በሚያዝያ መጨረሻ ክለቦች ሁሉ ተራ ይዘው ልጆቹን የሚመርጡበት ቀን አለ፤ ድራፍት እንለዋለን። ያን ቀን የምንመርጠው ግድግዳው ላይ ካሉት ስሞች ነው። ስምህ እዚያ ከሌለ ለእኛ አልተወለድክም።

እንግዲህ ኮርቢን ቴስዳል የሚባል ልጅ አገኘሁ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ማንም የማይረግጠው ኮሌጅ ነው የሚጫወተው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ እግሩ ግን የዳንሰኛ እግር ነው። ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሳየው ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! በመጋቢት ጂም ውስጥ ለካሁት። ሠላሳ ሁለት ተኩል። ልቤ ስብር አለ። ከሌሎች ክለቦች የመጡ ሰባት መልማዮችም ነበሩ፤ በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ አንጋፋ ይለካል፣ ሌላው ይገለብጣል። ስለዚህ የእኔ ቁጥር በአንድ ቀን አገር አዳረሰ፣ የኮርቢንም ስልክ ከዚያ ወዲህ ጭጭ አለ።

አንጀቴ እምቢ አለኝና ወደ ጎን ጎትቼ ምክር ሰጠሁት። «ስማ፣ ከአግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጠል። በየቀኑ። ድራፍቱ አምስት ቀን ሲቀረው መጥቼ እንደገና እለካሃለሁ።» እንዲህ ያለ ምክር የጅል ነው፤ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ እግሩን አይቼዋለሁ።

ያልኩት ቀን ደረሰና ሄድኩ። እናቱ ሎርና ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤቱ ፊት ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። መርፌዎች በከንፈሯ ይዛ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች። በዓይኗ ሰላም አለችኝ።

«ተንጠለጠልክ?» አልኩት ልጁን።

«በቀን አራቴ፣ ጌታዬ። የጎረቤታችን በረት ውስጥ። እሁድም አልቀረሁም። ላሞቹ ለምደውኛል።»

«ትከሻህን ልቀቅ። እጅህን ዘርጋ።»

የሜትሩን ጫፍ ከትከሻው አጥንት ላይ ይዤ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ወሰድኩት። ሠላሳ ሁለት ተኩል። የፀጉር ያህል እንኳ ፈቅ አላለም። ፊቴን አይቶ ገባው።

«ያው ነው አይደል?»

«ያው ነው፣ ልጄ።»

«ግድ የለም» አለ፣ የዘረጋውን እጁን እያጠፈ። «አጎቴ ለእህል መጋዘናቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለሰኞ ና ብለውኛል።»

ሎርና መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «ስንት ነው ያሉት፣ አቶ ሃስኬት?»

«ሠላሳ ሁለት ተኩል።»

«ማነው ያለው?»

«ሜትሬ ነዋ!»

«እንግዲያው ሜትርዎ ሰክሯል።»

ደሜ ፈላ። «ወይዘሮ ቴስዳል፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የልጄ ክንድ አጭር ነው ያለች እናት አላጋጠመችኝም።»

«እኔ የማወራው ስለ እጅጌ ነው። ይሄ ልጅ የሱቅ ሸሚዝ አይበቃውም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ የምሰፋለት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ከሩብ።»

«የእናት ሜትር መቼም ለጋስ ነው።»

«እሺ፣ ልጄን እንተወው። እስቲ ወዲህ ይምጡ። የእርስዎ ወገብ ስንት ነው?»

«አርባ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ሳቋን ለቀቀችው። ከአንገቷ ላይ ሜትሯን ስባ በወገቤ አዞረች። «ሆድዎን ይልቀቁት። ኧረ አይሳቡ፣ ላገባዎ አይደለም! ይኸው፤ አርባ አንድ። ለመሆኑ ይሄ ሱሪ እንደዚህ ሲያንቅዎ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ሱሪ ሰፊዎቹ እኮ…»

«ሱሪ ሰፊዎቹ ምን አደረጉ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

በዚህም አልማረችኝም። የእኔን ቢጫ ሜትር ተቀብላ ከእሷ ጎን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ ጫፋቸውን አጋጥማ በመርፌ ወጋች። ከዚያ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። አሥር ላይ ሁለቱ የተስማሙ ይመስሉ ነበር። ሃያ ላይ የእኔው ወጣ ወጣ ማለት ጀመረ። የእኔ ሠላሳ ሦስት ከእሷ ሠላሳ አራት ለመድረስ ሩብ ብቻ ነበር የቀረው።

«ጨርቅ ነው፣ አቶ ሃስኬት። ጨርቅ ይለጠጣል። ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?»

«ከዱዋይት።»

«ዱዋይት ማነው?»

«አስተማሪዬ። ሞቷል።»

«ይሄም አብሮት መቀበር ነበረበት።»

«ጌታዬ፣ ታዲያ ክንዴ…?» አለ ኮርቢን በቀጭን ድምፅ።

«ክንድህ ደህና ነው» አልኩት። «ሠላሳ ሦስት ከሩብ ነው።»

ያ ሁሉ ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮኸና እናቱን ከነመርፌዋ አቅፎ ከመሬት አነሳት። «መርፌው! አንተ፣ መርፌው!» ትላለች እሷ። ስወጣ ሜትሯን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝና፣ «ለአለቃዎ ያሳዩት። የእርስዎንም አብረው ያሳዩ» አለችኝ።

ወደ ቢሮ ሰባት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። አምስቱን ሰዓት ሱሪ ሰፊዎችን ሳይሆን ራሴን ስሰድብ ቆየሁ። ሜትሩ ተለጥጦ ነበር ብል ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ገደል ይገባል፤ ብራይስም ካርቶን ሰጥቶ ዕቃህን ሰብስብ ይለኛል። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ግን መላ መጣልኝ። ልጁ ተንጠልጥሏል አይደል? በረቱ አለ፣ እንጨቱ አለ፣ ላሞቹም ምስክር ናቸው። ክንዱን ያስረዘመው መንጠልጠሉ ነው ብል ማን ይከሰኛል? ልጁ ይለጠፋል፣ እኔም ክብሬን ይዤ እቀጥላለሁ። መሪውን ለቅቄ ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ብራይስ ግድግዳው ፊት ቆሞ ስሞቹን ያቀያይራል። የኮርቢን ስም የተጻፈባት ካርድ ከወደቁት ጋር ጠረጴዛ ላይ ተደፍታለች።

«ኮርቢን ቴስዳልን ለጥፈው» አልኩት። «ሠላሳ ሦስት ከሩብ።»

«በመጋቢት ሠላሳ ሁለት ተኩል ብለህ ጽፈሃል፣ ሽማግሌው። በአምስት ሳምንት ክንድ አበቀለ?»

«ተንጠልጥሎ። ጅማቱ ተፍታታ መሰለኝ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። በሩን ዘጋው።

«እኔም ተንጠልጥያለሁ» አለ። «አባቴ ጋራዡ ውስጥ ብረት ገጥሞልኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ከዚያ፣ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ አንድ መልማይ መጥቶ ለካኝ፣ ሌሎቹም ገለበጡ። ሠላሳ ሁለት ከሦስት ሩብ። ሩብ ኢንች ጎደለኝ! ማን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማን ነበር?»

«አንተ ነሃ፣ ቨርን።»

እውነቴን ነው፣ አላስታወስኩትም። እኔ ክንድ እንጂ ፊት አይቼ አላውቅም። «ታዲያ እዚህ ስትሾም ለምን አላባረርከኝም?» አልኩት።

«ያን ዓመት ሁሉም ዋሸኝ። አሰልጣኜ ትመረጣለህ አለኝ፣ ወኪሌ ትመረጣለህ አለኝ። ቁጥሩን ፊት ለፊት የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። አልቅሼ ወጣልኝና ሌላ ኑሮ ጀመርኩ። አባቴ ነው ያልተወው። እስከ ዛሬ ‹አጭር ክንዴን አውርሼህ ዕድልህን ዘጋሁብህ› እያለ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ቢያንስ ቁጥሩ እውነት ነው እላለሁ። የያዝኩህ ለዚህ ነው። ስለዚህ ተንጠልጥሎ አደገ እያልክ አታሹፍብኝ።»

መንገድ ላይ ያሳመርኩት ውሸት አፌ ውስጥ አመድ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው አሥራ ስድስት ዓመት አደረ። ሁለቱን ሜትሮች አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የሎርናን ነገር፣ የወገቤን ነገር፣ የሱሪውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። ሱሪው ላይ ስደርስ እንኳ አልሳቀም። ሁለቱን ሜትሮች ብዙ አያቸው። ከዚያ ሰዓቱን ፈታ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋ።

«ለካኝ» አለ።

«ብራይስ…»

«ለካኝ አልኩህ እኮ!»

በሎርና ሜትር ለካሁት። አላመንኩትምና ደገምኩት። «ሠላሳ ሦስት ከሩብ» አልኩ። ያኔ ዱዋይት የሰጠኝ ጨርቅ ገና እንደዛሬው አልተለጠጠም ነበር፤ ብራይስን ከድራፍቱ ለማስቀረት ግን በቅቷል።

ክንዱን ሳያወርድ ቆመ። ይጮህብኛል፣ ይመታኝም ይሆናል ብዬ ነበር፤ ይገባኛልም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «ይቅር በለኝ» አልኩት። የኮርቢንን ካርድ ከጠረጴዛው አንስቶ ግድግዳው ላይ ለጠፋት፣ በመዳፉም ሁለቴ መታ መታ አደረጋት።

ከአምስት ቀን በኋላ በአራተኛው ዙር ወሰድነው። ሎርና ስልክ ላይ ስታለቅስ ሰማኋት፤ በሳምንቱ ደግሞ አርባ አንድ ቁጥር ሱሪ በፖስታ ላከችልኝ። ስለብሰው መተንፈስ ቻልኩ።

ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ግን ገና አልጨረስንም ነበር።

«ማስታወሻ ደብተሮችህ አሉ?» አለኝ ብራይስ።

«ሁሉም አሉ።»

«ድራፍቱ ሲያልቅ ሳይመረጡ የቀሩትን አንድ በአንድ ታወጣቸዋለህ። ትደውልላቸዋለህ።»

«ለሁሉም? የሠላሳ አንድ ዓመቱን?»

«ለሁሉም። መጀመሪያ ግን ለአባቴ፣ አሁኑኑ።» ቁጥሩን ራሱ ነካክቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠው።

«ሃሎ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«ቨርን ሃስኬት እባላለሁ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ልጅዎን ብራይስን የለካሁት ነኝ።»

«አስታውስሃለሁ» አሉ። «ቢጫ ሜትር ነበረችህ።»

«ሜትሬ ተለጥጣ ነበር። የልጅዎ ክንድ አጭር አልነበረም፣ ጌታዬ። የእርስዎም እንደዚያው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ብራይስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ያልተጠቀለለውን እጅጌውን ይጎትታል።

«ያኔ» አሉ ሽማግሌው፣ «የምገዛለት ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው ያጥረው ነበር። እኔ እኮ ሱቁን ነበር የምሰድበው።»