እስከ ጠመኔው ምልክት ድረስ

ወንድሜን መኪና ዝቅ የማድረግ አባዜ የያዘው ዛሬ አይደለም። አምና የአባታችንን ፒካፕ «ወገቡን እንስበርለት፤ አሁን የሚያምረው መሬት መሬት የሚል መኪና ነው» ብሎ ሲለምነኝ «ሆዱን እንደ እባብ ልታስጎትተው ነው?» ብዬ ስቄበት ነበር። ሠላሳውን ተሻግሮ፣ ጢሙን አጎፍሮ፣ እኛ ቤት ግን አሁንም ማሙሽ ነው። እናታችን እንዲያድግ አልፈለገችም፤ እሱም ለማደግ አልቸኮለም።

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ቆርቆሮ ክፍል እንጨት እቆርጣለሁ፣ ስፖንጅ አለብሳለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ። ያለቀውን ከፒካፑ ኋላ ባለው መጫኛ፣ ካሶኒው ላይ ጭኜ ባለቤቱ ደጅ አደርሳለሁ። አባቴ ዝናብ ሶፋ እንዳይነካ ብሎ ካሶኒው ላይ ከፍ ያለ የብረት ጣሪያ በይዶለታል። መኪናው በእማዬ ስም ይሁን እንጂ የምኖረው በሱ ነው። እሱ ከሌለ የሠራሁት ሁሉ እዚያው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይቀራል።

አባቴ ወንበር ሲሠራ ቁመቱን በሜትር አይለካም ነበር። ደንበኛውን አግዳሚ ላይ ያስቀምጥና ጉልበቱ በሚታጠፍበት ልክ በጠመኔ ያሰምራል፤ ወንበሩ የሚሠራው በዚያ መስመር ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ደንበኛ በአፉ ያሻውን ቢያወራ ጆሮ አልሰጠውም፤ እግሩን ነው የማምነው። የተሞኘሁትም በዚሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማዬን ለጉልበቷ ሕክምና ልወስዳት ተነሳሁ። የጋቢናውን በር ከፍቼ ብጠብቅ እሷ እጀታውን ይዛ ቆማ ቀረች። እግሯን ታነሳለች፣ ትመልሳለች።

«ተይው ልጄ፣ እቤቴ ልቀመጥ» አለች። «ይሄ መኪና ለኔ ተራራ ሆኗል።»

ማሙሽ በረንዳው ላይ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። መፋቂያውን ጥሎ መጣ።

«እታለም፣ እናታችን መኪና እያላት ቤት ትዋል? ዝቅ እናድርግላት እንጂ።»

«ዝቅ የሚለው እኮ ባሌስትራ ሲቀነስለት ነው» አልኩት። ባሌስትራ ማለት ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው፣ ተደራርቦ የታሰረው ብረት ነው። «ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ከጫንኩበት ወገቡ ይሰበራል። ምን ልሠራበት ነው?»

«ሶፋ ይበልጥብሻል እናት?»

እማዬ መሬት መሬቱን ታያለች፤ አንጀቴን በላችው። ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ ወስጄ የበሩ መቃን አጠገብ አቆምኳትና «እማዬ፣ የምትችይውን ያህል አንሺ» አልኳት። ትከሻዬን ተደግፋ ቀኝ እግሯን አነሳች። የባቴ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚህ በላይ እምቢ አለኝ» አለች።

መቃኑ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። እንባዬ መጣ። ይቺ ሴት ሁለታችንንም አዝላ ያሳደገች ናት እኮ። ከዚያች መስመር በላይ አንዲት ጣት እንኳ እንድትጨነቅ አልፈለግሁም፤ ሶፋውን በየተራ ባመላልስ ምን እሆናለሁ አልኩ።

ሥራውን በማግሥቱ ጀመርን። ጀመርን እላለሁ እንጂ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማሙሽ ቡሎን መፍቻ ቺያቤ አቀባይ ነበር፣ እሱንም እያሳሳተ። መኪናውን በክሪክ አንስቼ ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን የብረት አፅም፣ አባቴ ባዘጋጃቸው ወፋፍራም ግንዶች ላይ አሳረፍኩት። ግንዶቹን ከሥር ያስገባው ማሙሽ ነው። «በደንብ ተቀምጠዋል?» ስለው «በኔ ይሁንብሽ፣ እታለም» አለኝና ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ያ ሁሉ ብረት ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ አንድም ጊዜ አልፈራሁም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የኋላው ቡሎኖች ዝገው አሻፈረን አሉ። የተቃጠለ ዘይት እያጠጣሁ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ፣ ቡሎኖቹን የሚያጠብቁትን ዳዶዎች በስንት መከራ ፈታኋቸው። ከየጎኑ አንድ አንድ ባሌስትራ አውጥቼ የቀረውን መልሼ አሰርኩ። ከፊት ያለው ይቀላል። ፊቱን የሚሸከሙት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ያለውን ቡሎን ስታላሉት የመኪናው አፍንጫ ይወርዳል። መኪናውን መሬት አውርጄ እንዲረጋ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ነዳሁት። መቃኑ ላይ የለካሁባትን እንጨት ይዤ ሄጄ ከጋቢናው መርገጫ ጋር ሳስተያያት ልክ ገጠመች።

«ጨርሰናል» አልኩ።

ማሙሽ ግን ከኪሱ ገመድ አወጣ። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሯል። ጫፉን በጫማው ረግጦ፣ ሌላውን ወደ ላይ ስቦ ቋጠሮውን ካሶኒው ብረት ጣሪያ ጋ ያዘው። ጣሪያው ከቋጠሮው በላይ ነበር።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ።

«የእማዬ እግር ጣሪያ ላይ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ሳቀ። «ከሩቅ ሲታይ እንዲያምር ነው። አንዴ እጅሽ ገብቷል፣ ከየጎኑ አንድ አንድ ባሌስትራ ደግሞ አውጪልኝ። አፈር ስሆን!»

እማዬ ከበረንዳው ሆና «እሱም ደስ ይበለው እንጂ፤ ለኔም ይመቸኛል» አለች። ሁለቱም ካሉ ብዬ እንደገና ሥሩ ገባሁ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ያቺ ገመድ ናት። ለእግር የሚሠራ ሰው ጣሪያ ምን አስለካው? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ ወንድሜ ምን እንደሚለካ አልጠየቅሁም።

ያወጣኋቸውን ባሌስትራዎች ዘይት ቀብቼ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። እማዬ ሰኞ ዕለት እንደ እመቤት ገብታ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠች፤ ሕክምና የወሰዳት ማሙሽ ነው። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ አመላልሳታለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ በስተርጅናው ሰው ሊሆን ነው አልኩ። በኋላ ሕክምናው የየቀኑ ሆነ። እማዬ ቤት እያለችም መኪናው አይገኝም። «ጎማ ሊያስነፋ ነው»፣ «ዘይት ሊቀይር ነው» ትለኛለች። እኔ ሶፋዬን በሰው ጋሪ እያስገፋሁ፣ ጋሪው በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ጨርቁን በክንዴ እየደገፍኩ፣ ደንበኛዬን ይቅርታ ስለምን እውል ጀመር።

አንድ ቀን የሶፋ ጨርቅ ልገዛ ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር ሄድኩ። የመደብሩ መጋዘን ከሕንፃው ሥር ነው። መግቢያው ላይ ከፍ ያለ መኪና እንዳይገባ ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በዚያ በኩል ሳልፍ ከውስጥ አንድ ፒካፕ ብቅ አለ። አፍንጫውን አወቅሁት። ጣሪያው ብረቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ሹልክ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ የመደብሩ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ካሶኒው ላይ የመጋረጃና የትራስ ካርቶን ተደርድሯል። መሪውን የያዘው ወንድሜ ነው።

«ይሄ ልጅ እዚህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አልኩት በር ጠባቂውን።

«ቋሚ አመላላሻችን ነው እኮ! መጀመሪያ ሲመጣ ብረቱ አላሳልፍ አለው። በገመድ ለክቶ ሄደና ‹እህቴ ባለሙያ ናት፣ ታወርድልኛለች› አለኝ። እውነትም አስወርዶት መጣ። ጎበዝ እህት አለችው።»

ደሜ ፈላ። ማሙሽ አየኝና መኪናውን ጥግ አስይዞ ወረደ።

«እታለም… ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? በጋሪ ስገፋ ካረጀሁ በኋላ?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

አልልም ነበር። ይበልጥ ያናደደኝ እውነቱን መናገሩ ነው። «በእናትህ እግር ነገድክ!» አልኩት። «ያቺን ምስኪን መሣሪያ አደረግሃት!»

አንገቱን ደፋ። ያፈረ መስሎኝ ጥዬው ሄድኩ። ጨርቁንም አልገዛሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ነበር። ልቧ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ፣ አስቀምጬ፣ ውሃ ሰጥቼ።

ቤት ስደርስ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ትሰቅላለች። ባለጉዳዩ ያልወሰደው ረጅም ወንበሬ ላይ ቆማለች። እያየኋት ወረደች፣ የወደቀ የመጋረጃ ቀለበት አነሳች፣ ያን ቀኝ እግሯን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ብድግ አለች። ምንም አልተደገፈችም። ሥራዋን እያንጎራጎረች ቀጠለች።

በሩ ላይ እንደቆምኩ የወንበሩን ቁመት በዓይኔ ለካሁት፤ ከጠመኔው መስመር በላይ ነው።

«እማዬ።»

ዘወር አለች። ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ እያቃሰተች ወረደች።

«ዛሬ ትንሽ ቀለል ብሎኝ…»

«የማሙሽን ሥራ ታውቂያለሽ?»

የመጋረጃውን ጫፍ በመዳፏ ታስተካክላለች። ብዙ ጊዜ አስተካከለችው።

«አንቺ እጅ አለሽ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ። እሱ ምን አለው?»

እሱ ምን አለው! እሱማ አንቺ አለሽው፣ ልላት ፈለግሁ። እናት የሌለኝ እኔ ነኝ፣ ልላት ፈለግሁ። በቁሜ የሸጠችኝ መሰለኝ። ደግሞ እንጀራዬን ያስቆረጠችኝ በገዛ እጄ ነው። እንዳመሰገነችኝ ሁሉ ፊቷን አበራችልኝ፤ ያ ከሁሉም ባሰብኝ።

እጇን ይዤ ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ ወሰድኳት። አልተቃወመችም። የጠመኔው መስመር መቃኑ ላይ እንዳለ ነው፤ ማን ያጠፋዋል?

«እስቲ አሁን አንሺልኝ፣ እማዬ። የምትችይውን ያህል።»

እንድታነሳው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ወገቧ ድረስ ብታነሳውና «አዎ፣ ዋሸሁሽ» ብትለኝ አብሬያት አልቅሼ ይቅር እላት ነበር፤ ሶፋዬን ዕድሜ ልኬን በጋሪ እገፋ ነበር። ትከሻዬን ተደገፈች። እግሯን አነሳች፣ አነሳች፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ አቆመችው። ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ከዚህ በላይ እምቢ አለኝ» አለች።

ያን ጊዜ ከውጭ የፒካፑ ጥሩምባ ጮኸ። ሆዱ የግቢውን መግቢያ ድንጋይ ሲፍቅ ተሰማን።

«ልጄ መጣ» አለች እማዬ፣ እግሯን ከምልክቱ ላይ ሳታወርድ። «ሂጂ በሩን ክፈቺለት።»

አልከፈትኩለትም።