ቀዩን ማን አስቀረው

ለምን ሽማግሌ ትጠሪያለሽ፣ መጽሐፉ አይበቃም ወይ ብያት ነበር፣ አይበቃም አባ አለችኝ፣ ልጄ ራቢያ፣ ደሴ ተምራ ኮምቦልቻ የምታስተምረው፣ ይኸው መጣሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጭኔ ላይ ሁለት የማሽላ ራስ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ዘንጋዳ።

ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ አያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ምን እንደሆነ አላውቅ። ዘረመላዊ ልዩነት ትላለች፣ የተፈጥሮ ምርጦሽ ትላለች፣ ቃሉ ከበደኝ፣ ድምጿ ግን የናቷ ነው፣ ኡሙሰልማ ከማሳው ዳር ስትጣራ እንዲህ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት፣ ካረፈች አምስት ዓመቷ።

የግሪሳውን ዓመት እየነገረቻቸው ነው፣ ያኔ እሷ ትድህ ነበር፣ ከሰው የሰማችውን ነው፣ ወፉ ወረደ፣ ብንወነጭፍ ቆርቆሮ ብንመታ ምን ሊሆን፣ በሦስት ቀን ነጩ ማሽላ አገዳው ብቻ ቆመ፣ ቀዩ መራራ ነውና ወፍ አልነካውም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጭ ነጩን ዘርቶ ባዶውን ቀረ፣ የኛ ማሳ ውስጥ ግን እዚህም እዚያም ቀይ ነበረ፣ በዓመቱ አገሩ ዘር የወሰደው ከኛ ነው። ያን ዘር ያተረፉት እኚህ አባቴ ናቸው ትላለች። ያጨበጭባሉ። ምነው ባያጨበጭቡ።

ቲቸር፣ ማሽላው ወፉን ሲያይ ነው የመረረው? ይላል ከኋላ ምንተስኖት የሚሉት፣ አንተን ሲያይ ነው ይለዋል ጓደኛው፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ራቢያም ሳቋን ዋጥ አድርጋ አባን ጠይቁ ትላለች፣ ሁሉም ዞረብኝ።

አይ። ቀድሞም መራራ ነበር።

አያችሁ፣ ትላለች ራቢያ፣ ልዩነቱ ከወፉ በፊት ነበረ፣ ወፉ አልፈጠረውም፣ ጣፋጩን ለቅሞ በላ፣ የተረፈው ለዘር ሆነ፣ ከሱ የበቀለውም እሱን መሰለ። ደስ ብሏታል፣ ፊቷ በርቷል፣ ይብቃኝ አሁን፣ ልነሳ፣ ከፊት የተቀመጠችው ትንሿ ኢስራ ግን እጇን አወጣች፣ አባባ፣ ሰው ሁሉ ቀዩን ሲያወጣ እርስዎ ለምን ተዉት?

ለምን ተውኩት።

ዘር የምንመርጠው አጨዳ ሳይደርስ ነው፣ ማሳው ውስጥ እየዞርን፣ ራሱን ቆርጠን ከምድጃው በላይ እንሰቅለዋለን፣ ጭስ ሲጠጣ ነቀዝ አይገባውም፣ ያን ዓመት ቀይ ቀዩን እያወረድኩ ጣይው አልኳት ኡሙሰልማን፣ ነጭ ውስጥ ቀይ ሲያይ ነጋዴ ፊቱን ያጠቁራል፣ እሺ አለች፣ እሺታዋን መቼ አጣሁት፣ ደብቃ ፈልፍላ ከዘሩ ቀላቀለችው፣ ማሽላው ራስ ሲያወጣ ቀዩን አየሁ፣ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳት። ከዚያ ወፉ መጣ። በሺር ብልህ ነው አለ ሰው፣ ደጄ ላይ ተሰብስቦ፣ እሷም ቆማ ትሰማለች፣ ወላሂ አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት፣ ሰው ሲበተን፣ በል ብልሁ፣ እራት ቀርቧል፣ አለችኝ፣ እየሳቀች። ሌላ ምንም አላለች። ነገ ለሰው እናገራለሁ ስል፣ ነገ ስል፣ ቀበርኳት።

ልጄ ታየኛለች። በተማሪዎቿ ፊት አባቷን ልጣልባት? ብልህ ነበርኩ ብል ያልቃል፣ ሁለት ቃል ነው፣ ግን ይኼ ሁሉ ልጅ ይዞት ይሄዳል፣ ለልጁ ይነግራል፣ ኡሙሰልማ ከዚህ ታሪክም ወጣች ማለት ነው፣ ቢስሚላህ።

እኔ አልተውኩትም። ጣይው ብዬ ነበር። ያስቀረችው የራቢያ እናት ናት።

አባ፣ ነግረውኝ አያውቁም እኮ፣ ትላለች ራቢያ፣ ቀስ ብላ፣ አልነገርኩሽም፣ ለማንም አልነገርኩም እላታለሁ፣ የናቴን ስም ጻፉ ትላቸዋለች፣ ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ አንድ ነገር በመዳፏ አጠፋች፣ የኔ ስም ይሆናል፣ ሌላ ጻፈችበት፣ እስክሪብቶው ሁሉ ደብተር ላይ ይንሿሿል፣ ጽፋ ጨርሳለች፣ እጇ ወርዷል፣ ፊቷን ግን ገና ወደኔ አልመለሰችም፣ እጠብቃለሁ።