አሥራ አንዱ ቋሚዎች

የከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ወጣቷ ባለሙያ ካርታውን የስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በቀይ የተሰመረው የጥበቃ ክልል አሮጌውን ሰፈር ከብቦታል። ክልሉ ውስጥ የገባ ቤት አይፈርስም፤ ውጭ የቀረውን ባለቤቱ እንዳሻው ያደርገዋል። የቀረው ክርክር አንድ ነው፦ ባለ እንጨት በረንዳዎቹ ስድስት ቤቶች ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

በረንዳዎቹን አርባ ዓመት ሙሉ የጠገኗቸው አባቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። እንጨትን ከእንጨት አቆላልፈው ስለሚያያይዙ ሰፈሩ «ሚስማር ጠሉ» ይላቸዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል።

ቤቶቹን ለማፍረስ የጠየቀው ድርጅት መሐንዲስ ተነሣ።

«መመሪያው የሚጠብቀው ጥንታዊ ሥራን ነው» አለ። «እነዚህ በረንዳዎች ግን ተቀያይረው አልቀዋል። የቀየሯቸው ሰው እዚሁ አሉ። አባባ፣ እስቲ ይንገሩን፤ እጅዎ ያልነካው እንጨት ተርፎ ይሆን?»

አዳራሹ ሳቀ። የልጅቱ ፊት ጋለ። አባቷ ይዋሻሉ ብላ አልፈራችም፤ የፈራችው እውነቱ እንዳይበቃ ነበር።

«ከሁለት መቶ ሠላሳ አራት የበረንዳ ቋሚዎች አሥራ አንዱን ቀይሬያለሁ» አሉ አባቷ ሳይቸኩሉ።

«በምን ይታወቃል? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ።»

«አንድ ዓይነት ካልሆኑማ ምኑን አናጢ ሆንኩት?»

ሳቁ ወደ መሐንዲሱ ዞረ። አባቷ ቀጠሉ።

«የቀየርኩትን ሁሉ ከሥሩ በጋለ ብረት ዓመቱን ተኩሼበታለሁ። የቀደሙኝን የሞቱ አናጢዎች ሥራ የኔ እንዳልል፣ የኔንም ስህተት እነሱን እንዳላሸክም። ሄዳችሁ እዩ።»

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን አቋርጣ ሁሉንም ይዛ ወጣች። መሐንዲሱ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በስልኩ መብራት የቋሚዎቹን ሥር አንድ በአንድ አየ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ሲወርድ ሱሪው አቧራ ለብሷል።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለ። «ሌሎቹ የተጠረቡበት መሣሪያም የተለየ ነው፤ የድሮ ናቸው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ንጹሕ እጅ ነው» ብሎ ጨመረ።

ወደ አዳራሹ ተመልሰው ድምፅ ሰጡ። ስድስቱም ቤቶች ገቡ። ሰብሳቢዋም የአናጢው አሠራር በመመሪያው አንድ አንቀጽ እንዲሆን አዘዘች። ልጅቱ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ «በጥገና የሚተካ ማንኛውም የእንጨት ክፍል የተተካበትን ዓመት ይይዛል» ብላ ጻፈች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«‹በማይታየው ጎኑ› የሚለው ጎድሏል።»

«እሺ አባዬ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ስሜን ብቻ እንዳታስገቢ።»

«መመሪያ ላይ የሰው ስም አይጻፍም።»

«እንግዲያው ደግ መመሪያ ነው።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። «ሐሳቡ የማን ነው ብዬ ልመዝግብ?»

ልጅቱ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ፣ «የአናጢው» አለችው። «የአባቴ።»