የሄልጋ ተራ

የጎረቤቴ ልጅ ማኅሌት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ሥራ ደመወዝ የለውም። በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ፕሮግራም በነፃ ይሠራሉ፤ አሠራሩንም ለፈለገው ሁሉ ክፍት ያደርጉታል፤ «ክፍት ሶፍትዌር» ይሉታል። እሷም ፊደላችን እዚያ ውስጥ እንዳይጣመም ታቃናለች።

«እንግዲያው የእኔም የጓዳ ሥራ ክፍት ሶፍትዌር ነዋ!» አልኳት።

«እትዬ ስሜነሽ ደግሞ፣ ሲያሾፉ አይጣል!»

እነዚህ ሰዎች በዓመት አንዴ አንድ አገር ላይ ይሰበሰባሉ። ለመጪው ዓመት አዘጋጅ አገር ሊመረጥ የቀሩት እኛና አንድ ሌላ አገር ነበርን። «ኢትዮጵያ ትሁን፤ ስብሰባውም እዚሁ ላሊበላ» ብላ የተሟገተችው ማኅሌት ናት። ሰዎቹን በስክሪን እንጂ በአካል አይታቸው አታውቅም። ደጇ ድረስ እንዲመጡላት እንቅልፍ አጥታ ከረመች።

አገር የሚመርጠው ኮሚቴ ቦታውን እንድታይ ሄልጋ የምትባል ቀጭን ረዥም ፈረንጅ ላከ። ሆቴሉን፣ አዳራሹን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ሁሉ አየች። ኔትወርኩም ያን ሰሞን እንደ ሰው አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ደህና ሠራ። በመጨረሻው ቀን የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበርና ማኅሌት ይዛት መጣች።

ዳቦው ተባርኮ፣ ጠላው ዞሮ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ኔትወርኩ ጠፋ። ማኅሌት ለኮሚቴው የምትልከው ነገር ነበራትና ስልኳን ከፍ አድርጋ ወደ ዳገቱ ሮጠች። አስተርጓሚያችን ሄደች ማለት ነው።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የማኅበሩን ጽዋ ይዘው ተነሡ። በእኛ ደንብ ጽዋውን የተቀበለ የሚቀጥለው ደጋሽ እሱ ነው፤ ቤቱ ይወስደውና በተራው ቀን ይዞት ይቀርባል።

«ተረኛ ማነው?» አሉ።

ተረኛው ደግሰው የሚባለው ማኅበርተኛችን ነው። እሱ ግን ጋቢውን ያስተካክላል፣ ያስላል፣ ደግሞ ጋቢውን ያስተካክላል። ሰውዬው ድግስ ሲበላ እንጂ ሲደግስ ፈጣን አይደለም። በዚህ መሐል አጠገባቸው የተቀመጠችው ሄልጋ ብድግ አለችና እጅ ነሥታ፣ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

እንግዳን «ተይ» የሚል ማን አለ? እኔም ግራ ቢገባኝ እልል አልኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ። ደግሰው ከሁላችንም በላይ አጨበጨበ።

ሄልጋ በማግስቱ ጽዋውን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አገሯ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴው ሌላውን አገር መረጠ። ውሳኔው ከባድ እንደነበር፣ አገራችንም ውብ እንደሆነች ጽፈዋል። ማኅሌት በሯን ዘጋች። ምሳ ይዤላት ብሄድ እንኳ አልከፈተችም።

የከፈተችው እኔን አስከትለው ለመጡት ለቄስ ሀብተ ሥላሴ ነው።

«ልጄ፣ ፈረንጇ መቼ ነው የምትደግሰው?»

«ምኑን አባ?»

ስንነግራት ራሷን ያዘች። «ስጦታ መስሏት ነው እኮ! እትዬ ስሜነሽ፣ እንዴት ዝም ይላሉ?»

«ዝም አላልኩም፤ እልል ብያለሁ» አልኳት።

«በሉ መልሺ ብዬ እጽፍላታለሁ።»

«መልሺማ አትበያት!» አሉ ቄሱ። «እንግዳን አምጪ ማለት ነውር ነው። ተራሽ ደርሷል በያት።»

«ስብሰባውን የነፈገችንን ሴት ደግሺ ልበላት?»

«ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። ይኼ የማኅበር ነው።»

እያፈረች ጻፈች። የሄልጋ መልስ በማግስቱ መጣ፤ ማኅሌት አነበበችልን። ሄልጋ አገር ስትመርጥ ከርማ ራሷ መመረጧን አለማወቋ አስቋታል። ተራዋን ግን አታሳልፍም። ከማኅሌት ጋር ፊደል የሚያቃኑትንም ጓደኞቿን አስከትላ፣ በየራሳቸው ወጪ፣ ጽዋውን ይዛ ትመጣለች።

«ኑ ስንላቸው እንቢ ያሉ ሰዎች!» አለች ማኅሌት፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም።

«የጠራሻቸው ለስብሰባ ነበራ» አላት ደግሰው፣ ተራው ስላለፈለት ፊቱ በርቶ።

ኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው አንድ ነገር ቀረ። ሄልጋ ጌሾ አታውቅም፣ ጋን የላት፣ ቤት የላት። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ይኸው ከትናንት ጀምሮ ብቅል እያሰጣሁ ነው። ማኅሌት መጥታ ታግዘኛለች፤ እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው። ደመወዝ ግን የለውም።