የሐሙሱ ዓምድ

የእጅ ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ማርሊስ ሃውገን ስድስት ወር ሙሉ አንድ አስቀያሚ መሣሪያ ታቅፋ ከረመች። ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ ባለ የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ዕቃ ፈትሻ የምታስመርጠው እሷ ናት። መሣሪያው እንደ ጡብ ይከብዳል፣ መልክ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ግን ከቤት ቤት እየዞሩ የጋዝ ቆጣሪ የሚያነቡት ሠራተኞች ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ብርድ ወፍራም ጓንታቸውን ሳያወልቁ ይጫኑታል። ይህን ያወቀችው ከቆጣሪ አንባቢው ከኦሪን ጋር በመኪናው እየዞረች፣ ቆጣሪ ከበረዶ ውስጥ እየቆፈረች ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የሚያናግራት ኦሪን ብቻ ነበር። የመሣሪያው ግዢ ከጸደቀ ሰባውን ቆጣሪ አንባቢ እየዞረች የምታሠለጥነው እሷ ናት። ክረምቱን ሙሉ ከሰው ጋር ልትውል ነው።

ውሳኔው ሰኞ ሊሰጥ፣ ሐሙስ ጋዜጣው ላይ አዳዲስ ዕቃ እየሞከረ የሚጽፈው ሰው ዓምድ ወጣ። አገሩ ቴሌቪዥንና ካሜራ የሚገዛው በዚያ ዓምደኛ ቃል ነው። የማርሊስን መሣሪያ «ኪስ ይቀድዳል፤ ቁልፉን ለመጫን ጡንቻ ይጠይቃል» አለው። ክብሪት እንጨት በምታህል ዘንግ የሚነካውን፣ ሌላው ሻጭ ያቀረበውን ቀጭን መሣሪያ ግን አፉን ሞልቶ አወደሰው። በዚያ መሥሪያ ቤት አለቆች ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይናገሩም፤ ቢጫ ወረቀት ለጥፈው ይሄዳሉ። አርብ እስከ ምሳ ድረስ ያንኑ ከጋዜጣ የተቀደደ ዓምድ ከአራት አለቆች አራት ጊዜ ተቀበለች። ሁሉም ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት «አይተሽዋል?» ይላል።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃዋ ስቴንስሩድ፣ «እስቲ ኦሪን፣ የሠራህበት አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አለ።

ኦሪን ኮፍያውን አሻሸ። «ለኔማ ተመችቶኛል። ግን ምኑን አውቄ? ባለቤቴ ሰውየውን በየሳምንቱ ታነበዋለች፤ ተሳስቶ አያውቅም ትላለች። ቴሌቪዥናችንንም የገዛነው በሱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ! ጓንት ለብሰህ ያችን ዘንግ በምንህ ልትይዛት ነው?» አለች ማርሊስ።

«እንግዲህ እሱ ሳያውቅ አይጽፍም።»

ቀጭኑ ተመረጠ። ሥልጠናውንም የሻጩ ሰዎች ሊሰጡ ተስማሙ። ማርሊስ ከሰው ጋር የምትውልበት ክረምት ቀረባት። ከውሳኔው ይበልጥ ያንገበገባት ኦሪን ነው።

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ጭር ሲል ጋዜጣው ቤት ደውላ ዓምደኛውን አስጠራችው። ለካ ድምፁ ለስላሳ ነው። ስለ ጓንቱና ስለ በረዶው ስትነግረው አንዴም አላቋረጣትም።

«ወይዘሮ፣ እኔ የጻፍኩት የስልክ ቁጥር መያዣ ለሚፈልግ ሰው ነው» አላት። «የጋዝ ኩባንያ በኔ ቃል ይገዛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ለመሆኑ የትኛውን ገዛችሁ?»

«እርስዎ ያመሰገኑትን።»

«ለሚኒሶታ ክረምት? እኔ እኮ ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው። ዕቃውን ከሶፋዬ ይዤው ተነሥቼም አላውቅ።»

አመስግናው ዘጋችና እየሮጠች ወደ ምሳ ክፍሉ ወረደች። ኦሪንና ጓደኞቹ ሻጩ የላከውን ናሙና እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሰውየው ያላትን ቃል በቃል ነገረቻቸው።

ኦሪን ማኘኩን አቁሞ አሰበና፣ «ታዲያ ለምን አልጻፈውም?» አላት።

ለማርሊስ ቦታ ሊለቅላት ፈቀቅ ያለ አልነበረም። ብቸኝነቷ አጥንቷ ድረስ ተሰማት፤ ሳንድዊቿን ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች።