ኻ ወይስ ኢክስ

አማቴ ዴሚያን ሳቬልየቪች አዲሷን መኪና ከመሸጫው አምጥተው ግቢያቸው ውስጥ ካቆሙ በኋላ በሯን አልከፈቱም። ዙሪያዋን ይዞራሉ፣ ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ንቦቻቸው ይሄዳሉ። መኪናዋ ነጭ ናት፤ የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። ችግሩ አንድ ነው፤ መንግሥት እንዲህ የምትባል መኪና የለችም ብሏል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አማቴና ባለቤታቸው ራይሳ ኢግናቲየቭና የሚኖሩት ከሩሲያዋ ኮስትሮማ ከተማ አንድ ሰዓት በሚያስነዳ መንደር ነው። የራይሳ ኢግናቲየቭና ኩላሊት ደክሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለእጥበት ወደ ከተማ ይመላለሳሉ። አማቴ በአሮጌ መኪናቸው ሲያመላልሷቸው ከረሙ። በረዶውን እንደምንም ከተሻገሩ በኋላ ግን መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆምባቸው ጀመር። ያኔ ባለቤቴ ዞያ፣ ማለትም ልጃቸው፣ ፍርዷን ሰጠች፤ ቤቱ ይሸጥ፣ ንቦቹ ይሸጡ፣ ሁለቱም እኛ ጋ አምስተኛ ፎቅ ይግቡ። ሆስፒታሉ ከእኛ ቤት በእግር ይደረሳል።

አባባሏ ሐቅ አለው። ሽማግሌው ግን ያንን የእንጨት ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው፤ የማያውቁት ምስማር የለም። እኛ ቤት ሲመጡ በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል የመኪና ማቆሚያውን ሲያዩ ይውላሉ። ስለዚህ አሮጌዋን ለመሸጫው አስረከቡ፣ ያላቸውን ጥሪት ጨመሩ፣ አዲስ ገዙ። ለዞያም ቃል ገቡላት፤ በዚህች መኪና መመላለስ ከቻልን በቤታችን እንኖራለን፣ ካልቻልን እንመጣልሻለን አሏት። አማቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነበር።

ሽያጩ የተፈጸመው በሜይ ዴይ ዋዜማ ነው። ኢንጋ የምትባል ሻጭ ውሉንና ቁልፉን ሰጥታ መልካም መንገድ አለቻቸው። አማቴ ግን ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ ሊብሬ የምንለውን እነዚህ ሰዎች የመኪና ፓስፖርት ይሉታል። ድሮ ወፍራም ሰማያዊ ወረቀት ነበር፣ ማኅተሙ የሻይ ኩባያ አፍ የሚያህል፤ አማቴ የአሮጌዋን መኪና ፓስፖርት ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር ነበር የሚያስቀምጡት። ኢንጋ ወረቀቱ ቀርቷል፣ አሁን ሊብሬው ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቧል አለቻቸው። ማኅተሙስ ቢሏት፣ ማኅተምም የለውም። አማቴ ዕቃ ገዝቶ በደረሰኙ ፋንታ ፈገግታ እንደተቀበለ ሰው ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ቤት ነዱ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በመጠርጠር ደግሞ አማቴን የሚቀድም የለም። ቤት እንደገቡ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ብረት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ፊደል በፊደል እየለቀሙ ስልካቸው ላይ ጻፉና ኤሌክትሮኒክስ ሊብሬ በሚፈለግበት ድረ ገጽ አስገቡት። መልሱ በቀይ መጣ፤ አልተገኘም። ደገሙት፤ አልተገኘም። ቁጥሩን ለዞያ በመልእክት ላኩላት፤ ዞያ ኮፒ አድርጋ ለጠፈችው፤ አልተገኘም። ዞያ ወደ እኔ አሻገረችው። እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፤ እዚህ አገር ለትምህርት መጥቼ የቀረሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውል ሰው። እኔም በኩራት ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩት። አልተገኘም። መቼም አንድ ቤተሰብ ሙሉ አይሳሳትም! መሸጫው ደግሞ ለበዓሉ ለቀናት ተዘግቷል፤ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሣው የለም።

ያለ ሊብሬ ታርጋ አይሰጥም፤ አዲስ መኪና ያለ ታርጋ የሚነዳው ደግሞ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቆርቆሮ ቤት ነው። የተሰረቀች ትሆን? ወይስ ግብሯ ሳይከፈል የተሸጠች? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ ጎረቤቶቹ በየራሳቸው አነጋገር። አማቴ የሌለች መኪና አልነዳም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን እለዋለሁ፣ የተቀመጥኩት አየር ላይ ነው ልበለው ብለው ቀለዱ፤ ግን አልሳቁም።

በዚህ ምክንያት ራይሳ ኢግናቲየቭናን በበዓሉ ቀናት የማመላለሱ ሥራ የእኔ ሆነ። የበዓሉ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለማግስቱ እጥበት እዚያው አድሬ ላመጣቸው ስነሣ፣ ዞያ በር ላይ ያዘችኝ።

«ነገ ሁለቱንም ይዘሃቸው ና» አለችኝ። «እኔን ይቆጡኛል፤ አንተን ግን ያፍሩሃል። አባቴ ቃል ገብቶ የለ? ቃሉን አስታውሰው።»

አልወደድኩትም። ሰውን ከቤቱ የማስወጣት መልእክተኛ መሆን ምን ደስ ይላል? ግን ዞያም እናቷን ነው የምታስበው። ማታ ማታ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፣ መንገድ ላይ ቆምን ብለው ይደውሉ ይሆን እያለች።

መንደሩ ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አማቴ ቀፎዎቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሳቸው ሲያከብሩኝ ወይም ሲቆጡኝ ባገራቸው ደንብ በአባቴ ስም ይጠሩኛል፤ ይመሮቪች ይሉኛል። አባቴ ይመር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢሰማ ዳግመኛ በሳቅ ይሞት ነበር። ያን ምሽት የጠሩኝ ግን በአክብሮትም በቁጣም አልነበረም።

«ይመሮቪች» አሉኝ፤ «ንቦቹን ማን እንደሚወስድልኝ ሳስብ ነበር። መሸጥ አልፈልግም። የሚያውቀኝን ነገር እንዴት እሸጣለሁ?»

ዞያ የላከችኝን ቃል እኔ ሳልተነፍስ እሳቸው ተናገሩት። መልእክቱ ከትከሻዬ ወረደልኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ነገ መሸጫው ሲከፈት መጀመሪያ እንደውልና እንስማቸው እንጂ አልኳቸው። እስኪ ይሁን አሉ፣ ልጅን እንደሚያባብል ሰው። ከኋላችን መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ራይሳ ኢግናቲየቭና ሳህን እያጠቡ ነው፤ ቀና ብለው አላዩንም።

በማግስቱ አማቴ የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡ። ለጠብ እንዲህ የሚለብስ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። መኪናዋ ፊት ቆመው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ደወሉ። ኢንጋ ሃሎ ከማለቷ በበዓሉ ያጠራቀሙትን ሁሉ አፈሰሱባት፤ ሌቦች ናችሁ፣ ነፋስ ነው የሸጣችሁልኝ፣ የታመመች ሚስት ይዤ መንገድ ላይ ጣላችሁኝ፣ ፍርድ ቤት ነው የምንገናኘው። ኢንጋ አላቋረጠቻቸውም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጠብቃ፣ እስኪ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ያንብቡልኝ አለች።

አማቴ ጎንበስ አሉ።

«ኻ» ብለው ጀመሩ።

ኢንጋ አስቆመቻቸው።

«ዴሚያን ሳቬልየቪች» አለች ኢንጋ፤ «ኻ ነው ያሉኝ ወይስ ኢክስ?»

«ምን ልዩነት አለው? መስቀል ነው! ሁለት እንጨት ተጠላልፎ!»

«ስልክዎ ላይ ሲጽፉት የተጫኑት የትኛውን ነው? የእኛን ኻ ነው ወይስ የላቲኑን ኢክስ?»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ገብቶኛልና።

የሻንሲ ቁጥር በየትም አገር የሚቀረጸው በላቲን ፊደል ነው። የሩሲያና የላቲን ፊደላት ደግሞ አንዳንዶቹ መንታ ናቸው። ያው መስቀል ለአንዱ ኻ፣ ለሌላው ኢክስ ነው፤ ዓይን አይለያቸውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። እኔ በልጅነቴ በሀሌታው «ሀ»ና በሐመሩ «ሐ» ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ፤ የእኛዎቹ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል፣ የእነዚህ መልካቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ይለያያል። የመኪናዋ ፊደላት ሁሉ ከመንታዎቹ ስለነበሩ አማቴ ቁጥሩን ከዳር እስከ ዳር በሩሲያኛ ኪቦርድ ነው የጻፉት። እኔና ዞያ ደግሞ እንደ ወረደ ኮፒ እያደረግን ስንለጥፍ፣ ያው ኻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ማለት ይኸው ነው። እዚህ አገር ስኖር ይህን ስሕተት ሌላ ሰው ሲሠራ አይቼ ስቄ አውቃለሁ።

ስልኩን ይስጡኝ ልጻፈው ብላቸው እጄን ገፉት። ኢንጋ ኪቦርዱ እንዴት ወደ ላቲን እንደሚቀየር ነገረቻቸው። ስልኩን መኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀምጠው በአንድ ጣት ጀመሩ።

«ኢክስ» አሉ፣ ቃሉን እንደ መራራ መድኃኒት እየዋጡ።

ፊደሉን ከብረቱ ያያሉ፣ ወደ ስልኩ ይመለሳሉ፣ እንደገና ብረቱን ያያሉ። በዚህ መሀል ራይሳ ኢግናቲየቭና ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ደረጃው ላይ ወጥተው ቆሙ። ኢንጋም ስልኩን አልዘጋችም። አማቴ የመጨረሻውን ቁጥር ተጫኑ፣ ገጹ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ተከፈተ። የመኪናዋ ዓይነት አለ፣ ቀለሟ ነጭ ተብሏል፣ የተሠራችበት ዓመት አለ። ከታች ሊብሬው ስላለበት ሁኔታ በአረንጓዴ አንድ ቃል ተጽፏል። አማቴ በልባቸው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ራያ» አሉ ባለቤታቸውን በቁልምጫ ጠርተው፣ ወደ ደረጃው ዞረው፤ «የጸና ነው ይላል።»

ራይሳ ኢግናቲየቭና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ እፎይታ የልጄ ፈተና ውጤት ሲወጣ እንኳ አልተሰማኝም።

ኢንጋ ከስልኩ ውስጥ፣ እንግዲህ ሌቦች ያሉንን ያነሡልን ይሆን አለች።

«ሌባ ያልኩት እናንተን አይደለም» አሉ አማቴ፣ ፊታቸው ቀልቶ። «ፊደሉን ነው።»

ሳቋ ግቢውን ሞላው። በዓል በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ደንበኛ አታጣም መሰለኝ።

ወደ ከተማ የሄድነው በአዲሷ መኪና ነው፤ አማቴ እየነዱ፣ ራይሳ ኢግናቲየቭና ፊት ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላ። እሳቸውን ሆስፒታል አድርሰን እጥበቱ እስኪያልቅ ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድን። አማቴ ከረጢት ሙሉ ወረቀት ይዘው ነበር፤ መታወቂያቸውንና ውሉን አይተው ሲያበቁ ሌላውን የጠየቃቸው የለም፤ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ከኮምፒውተሯ አገኘችው፣ ታርጋ ሰጠቻቸው። ያን ሁሉ ወረቀት የሚያይላቸው በመጥፋቱ አማቴን ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ከዚያ ለዞያ ደወልኩላት። ስለ ኻ ስነግራት ትናደዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አባቴ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ፊደሉን ይሰድባሉ።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለች። «ይኑሩ በቃ። ሲደርሱ ደውሉልኝ።»

ከእጥበቱ በኋላ ራይሳ ኢግናቲየቭና ሁልጊዜ ይደክማቸዋል። መኪናዬ መንደር ስለቀረ አብሬያቸው ተመለስኩ። አማቴ እያፏጩ ታርጋውን ሊያስሩ መፍቻ ይዘው ወጡ። ራይሳ ኢግናቲየቭና ጋደም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በጣታቸው ጠቅሰው ወደ መኝታ ቤት ጠሩኝ፤ በሩንም ገፋ አደረጉት። ከአልጋው ሥር ሻንጣ አለ፣ እኔ አቅም የለኝም፣ እሱ ሳያይ አውጣልኝ አሉኝ። ጎትቼ አወጣሁት። ከባድ ነው።

ትናንት ማታ ነው የሸከፉት፤ አማቴ ስለ ንቦቹ ሲነግሩኝ በመስኮቱ ሰምተው። መድኃኒታቸውንና ልብሳቸውን አገኛለሁ ብዬ ከፈትኩት። አንድም የእሳቸው ነገር የለበትም። የአማቴ ሸሚዞች፣ የአማቴ የሱፍ ካልሲዎች፣ የማይጠቀሙበት አሮጌ መላጫቸው፣ ከላይ ደግሞ በጥንቃቄ የታጠፈ የንብ ባርኔጣ፣ መረቡ ፊት ላይ የሚወርደው።

«ይሄ አምስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራላቸዋል?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉኝ። «እኔ ብሄድ ታምሜ ነው የምሄደው። እሱ ግን በእኔ ምክንያት ነው የሚሄደው። አንድ የራሱ ነገር ይኑረው ብዬ ነው።»

ሸሚዞቹን ተቀብለው ወደ ቁም ሣጥኑ ይመልሱ ጀመር። እኔ ሻንጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። ደጅ የመፍቻው ድምፅ ቆመ፣ የጓዳው በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ከዚያ የአማቴ ድምፅ መጣ።

«ራያ! ባርኔጣዬን አይተሻል? የንቡን!»

ራይሳ ኢግናቲየቭና ባርኔጣውን ከሻንጣው አነሡ፤ የታጠፈውን መረብ በመዳፋቸው ደጋግመው አቃኑት፣ እጥፋቱ እስኪጠፋ።

«ጓሮ የእንጨት ክምሩ ላይ ነበር በለው» አሉኝ።

ወስጄ ሰጠኋቸው፤ እንጨቱ ላይ ነበር አልኳቸው። የት እንደምረሳው አላውቅም እኮ አሉ፤ አጠለቁትና ወደ ቀፎዎቻቸው ሄዱ።